የእናቴ ቃል በባዳቾ አፍ

ለማ በሕይወት ካለ ይስማኝ፤ ከሞተም ይቅር አልለውም። ያኔ አንገቴን ደፍቼ፣ «ጋሼ» እያልኩ፣ በእርስዎ ነበር የማናግረው። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ለሱ የሚሆን «እርስዎ» አልተረፈኝም። ልጆቼ «ስንት ዓመቱ ነው፣ ተዪው እንጂ እማዬ» ይሉኛል። ምን ቆርጦኝ ነው የምተወው? እነሱን አልነካቸው፤ የተነካሁት እኔ አገርነሽ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ወላይታ ሶዶ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሠላሳ አራት ተማሪ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነን። ለማ የአማርኛ አስተማሪ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ክራቫት ያስራል፤ የሶዶ ጭቃ ጫማውን በነካው ቁጥር መሀረቡን አውጥቶ ጎንበስ ይላል። በመጣ በወሩ ለትልልቆቹ ክፍሎች የቴአትር ትምህርት ከፈተ፣ ውጤቱ ካርድ ላይ የሚሞላ።

ሐሜት አላወራም፤ ማስተማሩን ያስተምር ነበር። ድምፅ ከሆድ ወጥቶ የኋላው ወንበር ድረስ እንዴት እንደሚሄድ፣ ተዋናይ ጀርባውን ለሕዝብ እንደማይሰጥ፣ ዝም ማለትም እንደ መናገር እንደሚለማመዱት ያሳየን እሱ ነው። አንድ ቀን ጠመኔውን ይዞ «ሁለት ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ነገሩ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ቴአትር ማለት ይኸው ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። እኔ ያን ቀን ልቤ ጥፍት እስኪል ደስ አለኝ። የእናቴን ነገር ሲያወራ መሰለኝ።

እናቴ ሣራ ትባላለች። አባቴ ሲሞት ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። በአገራችን ደንብ የሟች ሚስት ለሟች ወንድም ናት። እናቴ ግን ወንጌላውያኑ ዘንድ ገብታ አምና ነበርና «ሁለተኛ ሚስት ሆኜ አልወረስም» አለች። የአባቴ ታናሽ ወንድም እንሰቱንም ቤቱንም ወስዶ አስወጣት። እሷም ዱቡሻ ሄደች። ዱቡሻ አደባባያችን ነው፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ የተበደለ ቆሞ የሚናገርበት። እዚያ የሚናገርን ሰው ማንም አያቋርጥም። ሲጨርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ «ቃሉ ተሰምቷል፤ ባለቤቱ ይቁም» ካለ፣ ቃሉ የኔ ነው የሚል ይቆማል፤ ነገሩ መልስ እስኪያገኝ ድረስም ከቦታው ንቅንቅ የሚል የለም። እናቴ ተናገረች። የተነሣ ሽማግሌ ግን አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እኔን በጀርባዋ አዝላ ሶዶ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ በሚሲዮኖቹ ክሊኒክ አንሶላ ስታጥብ ኖረች።

ለማ «እያንዳንዳችሁ አንድ ተውኔት ጻፉ» ሲለን እኔ ይህን ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እናቴ የዱቡሻውን ንግግር ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ቃል በቃል በቃሌ ነበር፣ በወላይትኛ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እየቀዘቀዘ አስቸግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም አደረግሁት። ደብተሩን አስረከብኩና ጠበቅሁ።

ሠላሳ ስምንት ከመቶ ሰጠኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ለቅሶ እንጂ ድርሰት አይደለም» የሚል ጽፎ ካሳየኝ በኋላ ደብተሩን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «እኔ ጋ ይቆይ» አለኝ። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ለወላጆች በዓል የሚታይ ቴአትር እንዳዘጋጀ ነገረንና ለየሰዉ የሚጫወተውን ድርሻ አደለ። ሲያነብልን ጆሮዬን አላመንኩም። መበለቷ አለች፤ የባሏ ወንድም አለ፤ እንሰቱ አለ፤ ዱቡሻው አለ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። መበለቷ ቂል ሆናለች። ትደናቀፋለች፣ ሰውን ሰላም ልበል ብላ ዛፍ ሰላም ትላለች፣ አማርኛ እየሰባበረች ዳኛውን «አንቺ» ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ለባሏ ወንድም ተድራ እልል ይባልላታል። መበለቷን እንዲጫወት የመረጠው ባዳቾን ነው፤ ኳስ እንጂ ሌላ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የማይገባ ግዙፍ ልጅ፣ ደረቱ ላይ ጥጥ ተጠቅጥቆበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰዉ ሲወጣ ጠብቄ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይህ የኔ ድርሰት ነው።»

«ሐሳቡን ካንቺ አገኘሁት» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ቴአትር ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።»

«እናቴን ማሳቂያ አደረጓት።»

«ሕዝብ ካልሳቀ ያንቀላፋል፣ አገርነሽ። የትምህርት ሚኒስቴር ኢንስፔክተሩ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡት ለቅሶ ሊደርሱ አይደለም። ከወደዱት ለመስከረም እኔም ተዛውሬ እዚያው ነኝ።»

«እንግዲያው መበለቷን እኔ ልጫወታት።»

ሳቀ። «ያንቺ አማርኛ ለመድረክ አይሆንም።» እስቲ ፍረዱኝ። የኛን አማርኛ ለማሾፊያ ፈልጎት ለባዳቾ ያስጠናል፤ እኔ ልናገርበት ስል አይሆንም። «አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብለሽ ቃል አስታዋሽ ሁኚ» አለኝና መሳቢያውን ከፍቶ ደብተር ወረወረልኝ።

የራሴ ደብተር ነው። ስሜ ያለበትን ሽፋን ገንጥሎ ጥሎታል። ውስጡ ግን የኔው ሰማያዊ ጽሕፈት ነው፤ ላዩ ላይ በቀይ እየሰረዘ፣ በኅዳጉ ቀልዱን እየጨመረ ሄዶበታል። ሌላ ግልባጭ መጻፍ እንኳ ሰነፈው። ንቀቱን እዩልኝ፤ የሰረቀኝን ዕቃ ለራሴ አሸከመኝ። ያን ቀን ቂም ቋጠርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም።

ልምምዱ ሲጀመር ባዳቾ አንድ መስመር አላጠና ብሎ ሁላችንንም አሰለቸ። ለማ ቢቆጣው፣ በማስመሪያ ቢመታው ወይ ፍንክች። ኋላ የራሱን ዘዴ አበጀ። ወደኔ ጥግ ጠጋ ይልና ጆሮውን ይሰጠኛል፤ እኔ በሹክሹክታ ስነግረው እሱ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ያወጣዋል። ምን እንዳለ አያውቅም፤ ትርጉሙ ጭንቅላቱ ውስጥ አያልፍም። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ በለቅሶው መካከል «ዛሬ ምሳዬን አልበላሁም» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ «ዛሬ ምሳዬን አልበላሁም!» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ለማ «አንተ ደደብ፣ አእምሮህን ሰብስብ» ብሎ ጮኸበት። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ማወቅ የፈለግሁትን አወቅሁ።

በዓሉ በሰኔ ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ከሹማምንቱ ጋር ኢንስፔክተሩ፣ ከጎናቸው አቶ ጦና ተቀመጡ። አቶ ጦና በፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ያስተረጎሙ ሰው ናቸው፤ የባላገር ወላጆች አስተያየት ሲሰጡ ለእንግዳው እንዲያስተረጉሙ ነው የተጠሩት። ከኋላቸው ከየገጠሩ የመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች ነበሩ፤ ቴአትር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቴ አለች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ «ቴአትር የዓለም ነገር ነው» ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን የልጄ ትምህርት ቤት ነው ብላ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ምን እንደምታይ አልነገርኳትም። ለማ የታተመ ወረቀት ለሰዉ አድሏል፦ «ድርሰትና ዝግጅት፣ ለማ»። ያን ቀን የተቀባው ሽቶ መጋረጃው ጀርባ ድረስ ይሸታል።

ተጀመረ። ባዳቾ በጥጥ ጡቱ ተደናቅፎ ሲወድቅ ሹማምንቱ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ወላጆቹ አማርኛው ብዙም አልገባቸውም፤ ግዙፍ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ሲወድቅ ግን ማን የማይስቅ አለ? እነሱም ሳቁ። በመጋረጃው ቀዳዳ እናቴን አየኋት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች። በራሷ ላይ እየሳቀች መሆኗን አታውቅም።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ላድርገው ልተወው እያልኩ ነበር። ያን ሳቅ ሳይ አለቀ። በቃ፣ ዛሬ አንተን አያድርገኝ አልኩ በልቤ።

የዱቡሻው ትዕይንት ደረሰ። ባዳቾ መድረኩ መሀል ቆመ፤ እንደ ልማዱ ወደኔ ጥግ ሁለት እርምጃ ጠጋ አለና ጆሮውን ሰጠኝ። ደብተሩ ላይ በቀይ የተጻፈው ዳኛውን «አንቺ» የሚለው ቀልድ ነበር። አላነበብኩትም። በወላይትኛ ጀመርኩለት። በትምህርት ቤታችን ግቢ ወላይትኛ የተናገረ ይገረፋል፤ ባዳቾም ደጋግሞ ተገርፏል። ግን ሹክሹክታው በእናቱ ቋንቋ ሲመጣለት አፉ ሳይጠይቀው ተከፈተ።

«ባሌን ቀብሬያለሁ» አለ ባዳቾ። «እኔ ግን አልሞትኩም፤ አትከፋፈሉኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

«እንሰቱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ፍጉን የተሸከምኩት በዚህ ጀርባዬ ነው። ባሌ ያገባኝ ከአባቴ ቤት ነው እንጂ ከበረት አይደለም፤ እሱ ሲሞት ለወንድሙ የምነዳ ላም አይደለሁም። አልሄድም ስላልኩ የባሌ ወንድም ቤቴን ወሰደ። ይህን እናንተ ታውቃላችሁ። ከእንሰቴ በልታችኋል። እስቲ አንዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩኝ።»

ባዳቾ መሀል ላይ ቋንቋው መለወጡ ገባው፤ ኋላ እንደነገረኝ ያነቃው የሰዉ ዝምታ ነው። ግን አላቆመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀልዱን ትቶ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረው። ጥጥ የተጠቀጠቀበት ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የሳቀበት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኤርካሎ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እኚህ ሰው ያኔ፣ እናቴ በተናገረች ቀን፣ ዱቡሻው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መሬት መሬት ካዩት አንዱ ናቸው። ቴአትር መሆኑን ረስተውት ይሁን፣ ዕዳው ከብዷቸው ይሁን እግዜር ይወቀው። «ቃሉ ተሰምቷል» አሉ በወላይትኛ። «ባለቤቱ ይቁም።» ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ከዚህ በኋላ መልስ ሳይሰማ የሚወጣ ሰው እንደሌለ አወቅሁ።

ለማ ወላይትኛ አንድ ቃል አያውቅም። ሁለት ዓመት ኖሮ «ውሃ» እንኳ ምን እንደሚባል አልጠየቀም። ባዳቾ ቋንቋ ሲለውጥ ደንግጦ ነበር፤ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ፣ ሽማግሌ ተነሥቶ ሲናገር ሲያይ ግን ምስጋና መስሎት ከወዲያኛው ጎን ዘው ብሎ መድረክ ላይ ወጣና ወገቡን አጥፎ እጅ ነሣ። ባለቤቱ ይቁም ሲባል የቆመ እሱ ሆነ።

እናቴ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። «ቃሉ የኔ ነው» አለች። «እኔ ሣራ ነኝ፤ አባ ኤርካሎ ያውቁኛል። ይህ ሰውዬ ማነው? የት አገኘው?»

አቶ ጦና የሃያ ዓመት ልማዳቸው ነውና የሰሙትን ሁሉ ወደ ኢንስፔክተሩ ጆሮ ያፈሱት ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን የእናቴን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ቴአትሩ ውስጥ ያለ መስሏቸዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አቶ ለማ» አሉ፣ «በጣም ደስ ብሎኛል። መበለቷ በዱቡሻው የተናገረችውን እርስዎ በጻፉበት በአማርኛ ይድገሙልኝ፤ ከደራሲው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

ለማ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ምን እንደተባለ አያውቅማ። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደኔ ጥግ ተጠጋ፤ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ በመጋረጃው ስንጥቅ አየኝ።

«አገርነሽ» አለ በሹክሹክታ። «በይ። ምን አለ? በይ እንጂ።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ደብተሩን ዘጋሁት።

«እባክሽ» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያችን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ዝም አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ፤ ግን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ዝምታ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ዞሮ የራሱን ቀልድ ማለት ጀመረ፤ ዳኛዋ፣ አንቺ ምናምን። የሳቀለት የለም። አቶ ጦና ቀስ ብለው «ጌታዬ፣ መበለቷ ያለችው ይህን አይደለም» አሉ። ያኔ ለማ ተደናገጠና «ተማሪዋ ናት! ድርሰቱን ቀይራብኝ ነው!» ብሎ ወደ መጋረጃው ጠቆመ። ኢንስፔክተሩ «የትኛዋ ተማሪ?» አሉ፣ በተለወጠ ድምፅ። ማንም ሳይጠራኝ ወጣሁ። ደብተሩን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ሰማያዊው ላይ ቀዩን አዩ፤ ገጽ ገለጡ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ይህ ለቅሶ እንጂ ድርሰት አይደለም» የሚለውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የታተመውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ለሁለት አጥፈው ለለማ መለሱለት። እሱም ያጌጠበትን ክራቫት ሲያላላ አየሁት።

አዲስ አበባ አልገባም። ወደ አንድ ቆላ ተዛወረ፤ መሀረቡ ይብቃው አይብቃው አላውቅም። የቴአትር ትምህርቱም አብሮ ተዘጋ፤ ይህን አልክድም፣ እኔም አጣሁት። ኢንስፔክተሩ ያኑ ዕለት ደብተሩን ሲመልሱልኝ «ጻፊ» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት የሄድነው በገበያው መንገድ ነው። ገበያው ተፈትቶ ሰዉ ወደየአገሩ ይጎርፋል። እናቴ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዱላ እንጂ ምስጋና ያለው ፊት አልነበራትም። የድንጋዩ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«እኔ ያን ቀን ስሙን ጠርቼ ነው የተናገርኩት» አለች። «ያ ልጅ ግን ‹የባሌ ወንድም› አለ። ስሙ የት ሄደ?»

አጎቴ ያኔ የቀበሌው ጭቃ ሹም ነበር፤ ከዳኛ ጋር የሚበላ፣ ከዳኛ ጋር የሚጠጣ። ደብተሩን ስጽፍ ስሙ ጋ ስደርስ እጄ ቆሞ ነበር።

«ፈራሁ» አልኳት።

«ሳትጠይቂኝ ቃሌን ወሰድሽ። ወስደሽ ደግሞ እንዳይጎዳሽ አድርገሽ ቆረጥሽው።» ፊቷን ወደኔ አዞረች። «ያ አስተማሪሽ ታዲያ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ?»

እንዲህ ያለ ነገር ከሷ አልጠበቅሁም። መሬት መሬት አየሁ።

«ደብተሩን አውጪ» አለች።

በድልድዩ ጠርዝ ላይ ዘረጋሁት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ዓይኗን ከእጄ አላነሣችም። «የባሌ ወንድም» የሚለውን ሰርዤ በላዩ «አንጁሎ» ብዬ ጻፍኩ።

«የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ወስጄ ስሙ ላይ አኖርኩላት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቷ ሰማያዊ ሆነ፤ አልጠረገችውም።

«አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለችኝ።

ከአገራችን የመጡ ገበያተኞች በአጠገባችን ያልፉ ነበር፤ ከአጎቴ ደጅ የሚያድሩ፣ ነገ ጠዋት ወሬውን የሚያደርሱለት። ድምፄን ከሆዴ አውጥቼ፣ በወላይትኛ፣ ከነስሙ አነበብኩት።